ያላረካ የጂአርኢ ወይም የጂማት ውጤት፦ ከዳግም ፈተናው በፊት የትኛው መንገድ ይመረጣል?

ሁለት ተፈታኞች ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት በሚወሰደው በጂአርኢ ፈተና የሒሳብ ክፍል 154 አገኙ እንበል። የመጀመሪያው ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት በሠራቸው ሞዴል ፈተናዎች 160፣ 159 እና 161 ሲያመጣ የቆየ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ153 እስከ 155 ባለው ክልል ሲመላለስ የከረመ ነው። የያዙት ቁጥር አንድ ቢሆንም ከዚህ በኋላ ሊሄዱበት የሚገባው መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የሚያውቀውን በፈተናው ዕለት ማውጣት አልቻለም፤ ሁለተኛው ያወጣው ያለውን ያህል ነው። ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ መጻሕፍቱን ከሥር ጀምሮ መከለስ የጊዜ ብክነት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ መፈተን ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ከፍሎ መቀበል ይሆናል።

ስለ ዳግም ፈተና የሚሰጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ይህንን ልዩነት ሳይመለከቱ «የበለጠ አጥና» በሚል ይጠቃለላሉ። በተፈታኙ ፊት ያሉት አማራጮች ግን ቢያንስ አምስት ናቸው፦ ቶሎ ደግሞ መፈተን፣ ወራትን ወስዶ መሠረቱን መሥራት፣ የጥናቱን አካሄድ ከግል ወደ ኮርስ ወይም ወደ አስጠኚ መለወጥ፣ ፈተናውን ራሱን መቀየር፣ አልያም ያለውን ውጤት ይዞ ማመልከት። ከእነዚህ መካከል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ነጥቡ የጠፋው በምን ምክንያት ነው?

መጀመሪያ ምርመራው

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የውጤት ሪፖርቱ አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ለተፈታኙ የሚያሳየው ከ130 እስከ 170 ባለው መለኪያ ያገኘውን ነጥብና ፐርሰንታይሉን፣ ማለትም ከሌሎች ተፈታኞች ስንት በመቶውን እንደበለጠ ነው፤ የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች አይመልስለትም። ስለዚህ ማስረጃው ቀደም ሲል ካልታየ ሞዴል ፈተና መምጣት ይኖርበታል። ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ በሚል ስም ሁለት ነጻ ሞዴል ፈተናዎችን ያቀርባል። ሁለቱም ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ተሠርተው ካለቁ፣ ደግሞ በመሥራት የሚገኘው ነጥብ ትዝታንም ጭምር ስለሚለካ ከእውነታው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በክፍያ ከሚገኙት የዚያው ድርጅት ሞዴሎች አንዱን መውሰድ ይሻላል። ሌሎች አሳታሚዎች የሚያዘጋጇቸው ሞዴሎች ለልምምድ ቢጠቅሙም ነጥብ አሰጣጣቸው ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጋር ስለማይገጥም ለምርመራ አልመክራቸውም።

ሞዴሉ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ የጂአርኢ ርዝመት ከ3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ወርዷል፤ ቀድሞ በመካከል ይሰጥ የነበረው ዕረፍትም ቀርቷል። ከዚያ በፊት የታተሙ መጻሕፍት ጥያቄዎቻቸው ዛሬም ያገለግላሉ፤ የሰዓት አደላደላቸውን ግን መከተል አይገባም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሞዴሉ ካለቀ በኋላ፣ ትክክለኛዎቹ መልሶች ከመታየታቸው በፊት ነው። ተፈታኙ በግምት የመለሳቸውንና ሰዓት ያጠረበትን ጥያቄዎች በሙሉ ሰዓት ሳይዝ እንደገና ይሥራ። በሰዓት የተሳሳተውን ያለ ሰዓት ካገኘው ችግሩ ፍጥነት ነው። ያለ ሰዓትም ከተሳሳተ የዕውቀት ጉድለት ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ መልሱ ሲነገረው ማብራሪያውን ሳያነብ ወዲያው የሚገባው ጥያቄ የአነባበብ ወይም የውሳኔ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈውም ይህኛውን ነው።

አንዱን በቅርብ እንመልከት። ጂአርኢ ሁለት መጠኖችን አቅርቦ የትኛው እንደሚበልጥ የሚጠይቅበት የጥያቄ ዓይነት አለው። ኤክስ ከዜሮ እንደሚበልጥ ተነግሮ፣ በአንድ በኩል ኤክስ ስኩዌር፣ በሌላ በኩል ኤክስ ራሱ ቀርቧል እንበል። ተፈታኙ 2ን ሲሞክር 4 ከ2 ይበልጥበታል፤ 3ን ሲሞክር 9 ከ3 ይበልጥበታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይበልጣል ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ኤክስ ግማሽ ሲሆን ስኩዌሩ ሩብ ስለሚሆን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ኤክስ 1 ሲሆን ደግሞ ሁለቱ እኩል ናቸው። ትክክለኛው መልስ በተሰጠው መረጃ ብቻ መወሰን አይቻልም የሚለው ነው። ይህንን ስህተት በደብተሩ ላይ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ የመዘገበ ተፈታኝ ምንም አልመዘገበም። «ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ሞከርኩ፤ ክፍልፋይንና 1ን አልሞከርኩም» ብሎ የጻፈው ግን በሚቀጥለው ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። በቨርባል፣ ማለትም በቋንቋና በንባብ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ በባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄ ላይ ቃሉን ባለማወቅ መሳሳትና «ቢሆንም» የሚለውን አያያዥ ዘልሎ በማንበብ መሳሳት በውጤት አንድ ሲሆኑ በመድኃኒት ግን አይገናኙም።

ቶሎ መድገም ወይስ ወራትን መውሰድ

ጂአርኢን በ21 ቀናት ልዩነት፣ በማናቸውም ተከታታይ 12 ወራት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መውሰድ ይቻላል፤ በተለይ ለቢዝነስ ትምህርት በሚወሰደው በጂማት ዝቅተኛው የጥበቃ ጊዜ 16 ቀናት ሲሆን የዓመቱ ጣሪያ እዚያም አምስት ነው። ደንቡ ስለፈቀደ ብቻ በሃያ አንደኛው ቀን መመለስ ግን ራሱን የቻለ ስልት አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ የመለኪያ ስህተት እንዳለው ማስታወስም ይጠቅማል፤ በጂአርኢ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ነጥብ አካባቢ ስለሆነ፣ ምንም ያልተለወጠ ተፈታኝ ከ154 ወደ 156 ከፍ ሊል፣ ወደ 152ም ሊወርድ ይችላል። የሚፈለገው ጭማሪ ሁለት ነጥብ ከሆነ ዕድል ሊያመጣው ይችላል፤ ስድስት ወይም ሰባት ነጥብ የሚፈልግ ሰው ግን በዕድል ላይ ሊደገፍ አይችልም።

አጭሩ መንገድ የሚስማማው የሞዴል ውጤቱ ከእውነተኛው በአራትና በአምስት ነጥብ ለሚበልጥ፣ ስህተቶቹም በአብዛኛው ከሰዓት አጠቃቀምና ከፈተናው ዕለት ሁኔታ ለመነጩበት ሰው ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ መክፈት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሰዓት ሥነ ሥርዓት ነው። በአሁኑ ጂአርኢ የሒሳብ ሁለተኛው ንዑስ ክፍል 15 ጥያቄዎችን በ26 ደቂቃ የሚጠይቅ በመሆኑ ለአንዱ የሚደርሰው 104 ሰከንድ ነው፤ በቨርባል የመጀመሪያው ንዑስ ክፍል 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ማለትም ለአንዱ 90 ሰከንድ ነው። በአንድ ንዑስ ክፍል ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ሁሉ እኩል ዋጋ አላቸው፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነገር የለም፤ ምልክት አድርጎ አልፎ መመለስም ይቻላል። ስለዚህ በአንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የሁለት ቀላል ጥያቄዎችን ሰዓት ከፍሎ አንድ አጠራጣሪ መልስ ገዝቷል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ገምቶ፣ ምልክት አድርጎ የማለፍን ልማድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማስረጽ ይቻላል፤ ግን በየዕለቱ በሰዓት መለማመድን ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ የንዑስ ክፍሎቹ ትስስር ነው። የመጀመሪያው ንዑስ ክፍል ውጤት የሁለተኛውን ክብደት ይወስናል፤ በመጀመሪያው የተዳከመ ሰው ቀለል ያለ ሁለተኛ ክፍል ይደርሰዋል፣ ከዚያም ሁሉን ቢመልስ እንኳን ሊደርስበት የሚችለው ነጥብ የተገደበ ይሆናል። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ 12 ጥያቄዎች ውስጥ ያሉትን ቀላልና መካከለኛ ጥያቄዎች በስህተት አለመጣል ከባዶቹን ከመፍታት ይቀድማል። ሞዴሉ ላይ 160 አምጥቶ በፈተናው 154 ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ነጥቡን ያጣው እዚህ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭንቀት ነው ብዬ እገምታለሁ።

የፈተናው ቦታም ይቆጠራል። ፈተናውን በቤት የሚወስድ ተፈታኝ በወረቀት ላይ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ የሚፈቀደው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀትና የሚጠፋ ማርከር ነው። ወራት ሙሉ በደብተር ሲለማመድ ቆይቶ በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በማርከር ማስላት የጀመረ ሰው ሰዓት ቢያጥረው ሊደነቅ አይገባውም። መፍትሔው ወይ ልምምዱን በሰሌዳ ማድረግ፣ ወይ ወደ ፈተና ማዕከል መሄድ ነው።

ረጅሙ መንገድ ግን የሞዴልና የእውነተኛ ውጤቱ ለተቀራረበበት፣ ያለ ሰዓት ሲሠራም ለሚሳሳት ሰው ነው። እዚህ ላይ ሒሳብና ቨርባል አንድ ዓይነት አይደሉም። የጂአርኢ ሒሳብ ወሰኑ የታወቀ ነው፤ አሪትሜቲክ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና የመረጃ ትንተና ናቸው፤ ካልኩለስም ሆነ ትሪጎኖሜትሪ የሉበትም። ስለዚህ ከስህተት ደብተሩ ላይ ደካማ የሆኑትን አራትና አምስት ርዕሶች፣ ለምሳሌ ፕሮባቢሊቲን፣ የፍጥነትና የሥራ ጥያቄዎችን፣ የቁጥሮችን ባሕርይ ለይቶ አንድ በአንድ መዝጋት ይቻላል፤ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት የተረጋጋ ጥናትም ለአብዛኛው ሰው ለውጥ ያሳያል። ቨርባል ግን ቀርፋፋ ነው። የክፍሉ ግማሽ ያህል የንባብ ጥያቄ ስለሆነ የቃላት ዝርዝር በመሸምደድ ብቻ ግማሹን እንኳን መሸፈን ያስቸግራል፤ የተቀረው የሚመጣው አጠር ያሉ፣ ክርክር ያዘሉ፣ ከባድ ጽሑፎችን በየዕለቱ አንብቦ የጸሐፊውን አቋምና የእያንዳንዱን አንቀጽ ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ በመጻፍ ነው። የቃላት ጥናትም ቢሆን ትርጉምን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚገባበትን ዓረፍተ ነገር ይዞ ካልሄደ፣ ሁለት ተቀራራቢ አማራጮች ሲቀርቡ አይረዳም።

በረጅሙ መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ወጥመድ በየሳምንቱ ሞዴል ፈተና መሥራት ነው። ሞዴል ይለካል እንጂ አያስተምርም፤ በሁለት ሞዴሎች መካከል የተጠና ነገር ከሌለ ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በሦስት ሳምንት አንድ ሞዴል ይበቃል፤ የመጨረሻው ያልታየ ሞዴል ደግሞ ከዳግም ፈተናው አንድ ሳምንት በፊት ለሚደረገው የመጨረሻ ውሳኔ ይቀመጥ።

የጽሑፍ ክፍሉን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሁን የቀረው በ30 ደቂቃ አንድ አቋም ወስዶ መከራከርን የሚጠይቀው ብቻ ነው፤ ርዕሶቹ በሙሉ በኢቲኤስ ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኙ ጥቂቶቹን በሰዓት ጽፎ ለሚያርም ሰው ማሳየት በቂ ነው። ለዚህ ክፍል ብቻ ሲባል ሙሉውን ፈተና መድገም ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ነጥብ በግልጽ ካልጠየቀ በስተቀር አያዋጣም።

በግል፣ በኮርስ ወይስ በአስጠኚ

የኮርስ ጥቅሙ ሥርዓት ነው። መርሐ ግብር አውጥቶ መጠበቅ ለማይችል ሰው ቀንና ርዕስ ያስይዘዋል፤ ነገር ግን ለክፍሉ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ሦስት ርዕስ ብቻ የጎደለው ተፈታኝ የሚያውቃቸውን ሃያ ርዕሶች ቁጭ ብሎ ይሰማል። ለዳግም ተፈታኝ ኮርስ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ዝግጅት የተበታተነ ወይም ጭራሽ ያልነበረ ሲሆን ነው። አስጠኚ ደግሞ ዋጋው ከፍ ቢልም ተፈታኙ ራሱ ሊያየው የማይችለውን፣ ማለትም ጥያቄው ፊት ምን እያሰበ እንደሄደ ያያል። የውሳኔ ስህተት ያለበት ሰው ከአስጠኚ ብዙ ያገኛል፤ የቀመር ጉድለት ያለበት ሰው ግን መጽሐፍ የሚነግረውን ነገር በሰዓት ከፍሎ መስማት የለበትም። አስጠኚ የሚቀጥር ሰው በመጀመሪያው ቀን የስህተት ደብተሩን ይዞ ይሂድ፤ ደብተሩን ሳይመለከት ከምዕራፍ አንድ የሚጀምር አስጠኚ ኮርስ እንጂ አስጠኚ አይደለም።

በግል ማጥናት ለብዙዎች በቂ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የመጀመሪያው ዙር የተጠናበት መንገድ መለወጡ ነው። ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ጥያቄዎቹ ስለሚታወሱ ትክክል የሚመለሱት ቁጥር ይጨምራል፤ ችሎታው ግን ባለበት ይቆማል።

ፈተናውን መቀየር

ይህ አማራጭ በተግባር የሚከፈተው ለቢዝነስ ትምህርት ለሚያመለክቱ ነው፤ አብዛኞቹ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ፈተናዎች ሲቀበሉ፣ በሌሎች መስኮች ግን ጂማት ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ጂማት እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚወስዱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሒሳብ በ21 ጥያቄ፣ ቨርባል በ23፣ የመረጃ ትንተና በ20። የጽሑፍ ክፍሉ፣ የሰዋስው እርማት ጥያቄዎችና ጂኦሜትሪ ወጥተዋል፤ ስለዚህ የድሮውን መጽሐፍ ይዞ የሚያጠና ሰው የማይጠየቀውን ያጠናል። ጠቅላላ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁልጊዜ በ5 ያልቃል፤ ከ200 እስከ 800 ከነበረው ከቀድሞው ጋር ቁጥር ለቁጥር ሊነጻጸር አይችልም።

የቃላት ክምችት ለሚያስቸግረው፣ ነገር ግን ክርክርን በመፍታትና ያለ ካልኩሌተር በማስላት ለሚበረታ ሰው ጂማት ይሻለዋል፤ በጂማት ካልኩሌተር የሚፈቀደው በመረጃ ትንተናው ክፍል ብቻ ነው። በተቃራኒው እየዘለለ ሄዶ ተመልሶ መሥራት የሚወድ ሰው ከጂአርኢ ባይወጣ ይመረጣል። ጂማት ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ክብደቱን የሚለዋውጥ በመሆኑ መዝለል አይፈቅድም፤ ተመልሶ መቀየር የሚቻለውም ክፍሉ ሲያልቅ፣ ሰዓት ከተረፈ፣ እስከ ሦስት መልስ ብቻ ነው፤ ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎችም ነጥብ ያስቀንሳሉ።

ለመወሰን ከጂማት ነጻ ሞዴሎች አንዱን መሥራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፐርሰንታይሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የበለጠውን መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ጂማትን የሚወስዱት በአብዛኛው የቢዝነስ አመልካቾች ሲሆኑ ጂአርኢን ከሁሉም መስክ የመጡ ሰዎች ይወስዱታል፣ ስለዚህ ሁለቱ ደረጃዎች የተለኩት በተለያየ ሕዝብ ላይ ነው። የሚሻለው እያንዳንዱን ውጤት የሚፈለገው ትምህርት ቤት ለዚያው ፈተና ካወጣው የተቀባዮች አማካይ ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ጉልህ ካልሆነ መቀየር አያስፈልግም፤ የአዲስ ፈተናን ጠባይ መልመድ ራሱ ሳምንታትን ይበላል።

ያለውን ይዞ ማመልከት

ይህ እንደ ሽንፈት ስለሚታይ ተገቢው ግምት አይሰጠውም። ለምሕንድስና የሚያመለክትና በሒሳብ 166 ያገኘ ሰው ቨርባሉን ከ150 ወደ 154 ለማሳደግ ሁለት ወር ቢያጠፋ፣ ያው ጊዜ ለጥናት ዓላማ መግለጫው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉለት መምህራን የተሟላ መረጃ ለማዘጋጀት ወይም የሚፈልገውን ተመራማሪ ሥራዎች ለማንበብ ቢውል የበለጠ ያመጣለት ነበር። በተለይ በዶክትሬት ደረጃ የአመልካቹ የምርምር ልምድ ከፈተና ነጥብ ይበልጥ ይመዝናል። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ፈተናውን አስቀርተዋል ወይም በፈቃደኝነት እንዲሆን አድርገዋል፤ በፈቃደኝነት በሆነበት ቦታ፣ ነጥቡ ትምህርት ክፍሉ ካሳወቀው ክልል በታች ከሆነ አለመላክ የተፈቀደ ምርጫ ነው። የስኮላርሺፕ መስፈርት ግን ከመግቢያው መስፈርት ሊለይ ስለሚችል ለብቻው ይጣራ።

ዳግም ፈተና ዝቅተኛውን ውጤት ያጋልጣል የሚለው ፍርሃት ግን በጂአርኢ በኩል መሠረት የለውም። ተፈታኙ የትኛውን ቀን ውጤት እንደሚልክ ራሱ ይመርጣል፤ ተቋሙም ያልተላከለትን አያይም፣ ስንት ጊዜ እንደተፈተነም አያውቅም። የማይቻለው የአንዱን ቀን ሒሳብ ከሌላው ቀን ቨርባል ጋር አጣምሮ አንድ ሪፖርት ማድረግ ነው፤ የአንድ ቀን ውጤት በሙሉ ይላካል። ውጤት ለአምስት ዓመት ስለሚያገለግልም ትምህርቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያሰበ ሰው የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

የቀን አቆጣጠሩ ከማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ወደ ኋላ ይሠራል። የጂአርኢ ይፋዊ ውጤት ከ8 እስከ 10 ቀናት ይወስዳል፤ ሌላ አንድ ሙከራ ቢያስፈልግ ደግሞ 21 ቀናት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ዳግም ፈተናው ከማመልከቻው ማብቂያ ቢያንስ አምስት ሳምንት ቀድሞ ሊያዝ ይገባል። በመጨረሻው ሞዴል ላይ የተገኘው ነጥብ ከቀድሞው እውነተኛ ውጤት ካልበለጠ፣ ቀነ ገደቡ እስከ ፈቀደ ድረስ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል፤ የማራዘሚያ ክፍያው ከሙሉ የፈተና ክፍያ ያነሰ ነው።